በ2.4 ሊትር ሂሉክስ ላይ ትልቅ ሞተር ስለመግጠም ምክር እጠይቃለሁ

የተከበራችሁ የሙያው ባለቤቶች፣ የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ ነው። 2446 ሲሲ የሆነ 2ኤል ሞተር ያለው አሮጌ ቶዮታ ሂሉክስ ፒክአፕ አለኝ፤ ሽንኩርት ጭኜ ወደ ሐረር ስወጣ የደንገጎን ዳገት የምጨርሰው በ2ኛ ማርሽ እየተንፏቀቅሁና የሙቀት መለኪያው ቀዩን መስመር ሊነካ ሲል እየቆምኩ ነው። በዚህ ተማርሬ 1ኬዜድ-ቲኢ የተባለውን፣ 2982 ሲሲ የሆነ ባለ ቱርቦ ያገለገለ ሞተር ገዛሁ።

ችግሩ የናፍጣ ፓምፑ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ሆኖ ሳለ ሞተሩ የደረሰኝ ያለ ኮምፒውተር፣ ሽቦዎቹም ከሥር ተቆርጠው መሆኑ ነው (ሳላጣራ መክፈሌ የራሴ ጥፋት ነው)። ኮምፒውተሩን ከነሽቦው ልፈልግ ወይስ መካኒኬ እንደሚመክረኝ ፓምፑን ያለ ኮምፒውተር በሚሠራ ሜካኒካል ፓምፕ ልለውጠው? ነባሩ ካምቢዮና ፍሪሲዮንስ ይህን ጉልበት ይችሉታል?

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ማቀዝቀዣው ነው፤ ይህ ሞተር ከልክ በላይ ሲሞቅ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) በመሰንጠቅ ስለሚታወቅ፣ በድሬ ሙቀት ላይ ጭነትና ዳገት ተጨምሮበት የድሮው ራዲያተር የሚበቃው አይመስለኝም። ምን ዓይነት ራዲያተርና ማራገቢያ እንደገጠማችሁ፣ ፍሬኑንም አብራችሁ አሻሽላችሁ እንደሆነ፣ የአዲሱን ሞተር ቁጥር በሊብሬው ላይ ለማስመዝገብ ምን እንደተጠየቃችሁ ብትነግሩኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ። መኪናው አፉን ከፍቶ ጋራዥ ቆሟል።