የኩላሊት ፊዚዮሎጂ የገባችሁ፣ እባካችሁ እርዱኝ
ሰላም ለሁላችሁ። ሐረር የሕክምና ፊዚዮሎጂ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። ሴሚናር ደርሶኛል። ርዕሴ ኩላሊት ውኃ ቆጥቦ የጠነከረ ሽንት የሚያወጣበት መንገድ ነው። ፈልጌ ነው የመረጥኩት፤ ድሬ ሙቀት ውስጥ ላደገ ሰው ይህ በጣም ያጓጓል።

ግማሹ ገብቶኛል። የሄንሌ ሉፕ (ኩላሊት ውስጥ ወደ ታች ወርዶ ተመልሶ የሚወጣ ቀጭን ቱቦ) ወፍራሙ ወጪ ክፍል ጉልበት እያወጣ ጨው ወደ ውጭ ይገፋል፤ ውኃ ግን አያሳልፍም። ስለዚህ ዙሪያው ጨዋማ ይሆናል። ወራጁ ክፍል ደግሞ ውኃውን ይለቃል። በዚህ መልኩ 300 ሚሊኦስሞል (የሟሟ ነገር መጠን መለኪያ) አካባቢ የነበረው ጥንካሬ ሜዱላው (የኩላሊት ውስጠኛው ክፍል) ጫፍ ላይ ወደ 1200 ይደርሳል።

የተቀረቀርኩት ጫፉ ላይ ነው። ውስጠኛው ሜዱላ ያለው ቀጭኑ ወጪ ክፍል ነው። ሴሎቹ ስስ ናቸው፣ ጉልበት የሚያመነጨው ሚቶኮንድሪያቸው ጥቂት ነው፣ ጨው የሚገፋ ፓምፕም እንደ ወፍራሙ የላቸውም። ታዲያ ከፍተኛው ጥንካሬ እዚያ እንዴት ተፈጠረ? እ.ኤ.አ. በ1972 ኮኮ እና ሬክተር የተባሉ ተመራማሪዎች ዙሪያው ያለው ዩሪያ (በሽንት የሚወጣ ቆሻሻ) ከወራጁ ክፍል ውኃ ይስባል፣ ቱቦው ውስጥ የበዛው ጨው ከዚያ በራሱ ይወጣል አሉ። ደስ የሚል ሐሳብ ነው። ግን እንዲሠራ ቱቦው ዩሪያን እምብዛም ማሳለፍ የለበትም። የአይጥ ኩላሊት ላይ የተደረጉ ልኬቶች ደግሞ በደንብ እንደሚያሳልፍ ያሳያሉ።

ሴሚናሩ ላይ የቱን ይዤ ልቅረብ? ጉዳዩ ገና አልተቋጨም ብል ያስኬዳል? ኮርሱን የወሰዳችሁ ወይም የምታስተምሩ፣ ባጭሩም ቢሆን መልሱልኝ። ሐረር ወይም ድሬ ካላችሁ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ያላችሁበት እመጣለሁ።