በጥቁር ስጫወት ለዲ4 በየትኛው ቅደም ተከተል ልመልስ? እርዱኝ

ሰላም የቼዝ ወዳጆች። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። ማታ ብርዱ ስለማያስወጣ ከጎረቤቴ ከጋሼ ጋር ቼዝ እንጫወታለን። ነጭ ከደረሳቸው የመጀመሪያ እርምጃቸው ሁሌም ዲ4 ነው፣ ማለትም ከንግሥት ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት መግፋት (የቤት ስም ብቻ ስጽፍ የወታደር እርምጃ ነው)።

እኔ ዲ5፣ እሳቸው ሲ4፤ እኔ ኢ6፣ እሳቸው ፈረስ ሲ3፤ እኔ ፈረስ ኤፍ6። ከዚያ ዲ5 ላይ ወታደር ይበላሉ፣ በኢ ወታደሬ እመልሳለሁ። ቢሾፓቸው ጂ5 መጥቶ ፈረሴን ያስራል፤ ፈረሱ ከተነሳ ከኋላው ያለችው ንግሥቴ ትጋለጣለች። ሌላውን ፈረስ ኢ2 ያደርጉና ኤፍ3፣ ኢ4 እያሉ መሀሉን ይጠቀልሉታል። ሻዬ እስኪቀዘቅዝ አስባለሁ፣ ምንም አይመጣልኝም።

አሁን ፈረስ ኤፍ6ን ላስቀድምና ኢ6ን ላስከትል ብያለሁ። ፈረስ ሲ3 ካሉ ቢሾፕ ቢ4፣ ማለትም ኒምዞ ኢንዲያን የሚባለው አከፋፈት። ፈረስ ኤፍ3 ካሉ ደግሞ ዲ5፤ ፈረሳቸው ቦታ ስለያዘ ያ የኢ2 ዕቅድ ያን ያህል አያስፈራም። ግን ኒምዞ ቅርንጫፉ ብዙ ነው። ኢ3 አለ፣ ንግሥት ሲ2 አለ፣ ኤ3 አለ። ከሥራ ገብቼ ያን ሁሉ ላጥና?

ኢ6ን በመጀመሪያው እርምጃ ማድረግም አለ። ኢ4 ካሉ ግን ፈረንሳይ መከላከያ የሚባለው ሌላ አከፋፈት ይሆንብኛል፣ እሱን ጭራሽ አላውቀውም።

ወይስ የድሮውን ይዤ በ3ኛው እርምጃ ከፈረሱ በፊት ቢሾፕ ኢ7 ልበል? ያኔ ቢሾፓቸው ጂ5 ቢመጣ እበላዋለሁ። ኤፍ4 ላይ ቢያወጡትስ ምን ላድርግ?

የሞከራችሁ ካላችሁ፣ ጊዜ ለሌለው ሰው የቱ ይሻላል? ቅዳሜ ደግሞ እንጫወታለን።