መርፌ ወይስ ሌዘር? ስኳር ለጎዳው ዐይን የትኛው ይቅደም?

የሞጣው ልጅ፦ አባቴ ስኳር ካለበት ቆይቷል፤ አሁን ዐይኑ ደክሟል። በየወሩ እየመጣ ዐይኑ ውስጥ መርፌ እንዲወጋ ተነገረን። ከሞጣ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለት ጊዜ ሄድን። ሦስተኛው ቀጠሮ አጨዳ ላይ ወደቀና ቀረን። ማንም አልደወለልን። እንደኛ ከገጠር ለሚመላለስ ሰው መርፌው ቀርቶ በብርሃን ጨረር የሚሠራው ሌዘር ይቅደም ባይ ነኝ።

ነርሷ ከቡሬ፦ አይዞህ ወንድሜ፤ አባታችንን እግዜር ይማራቸው። በሐሳብህ ግን አልስማማም። ስኳር ሲከርም የሬቲናን፣ ማለትም ከዐይን ኋላ ብርሃን የሚቀበለውን ስስ ሽፋን፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጎዳል። ብግነት ይነሣል፤ ሥሮቹ ያፈሳሉ፤ አጥርተን የምናይበት መሐሉ ያብጣል። እብጠቱን ቀንሶ እይታ የሚመልሰው በአብዛኛው መርፌው ነው። ሌዘር የቀረውን ቢጠብቅ ነው። ውድ ነው ለምትሉ፣ ለካንሰር የተሠራው ቤቫሲዙማብ የሚባለው መድኃኒት ከሌሎቹ መርፌዎች በጣም ይረክሳል። በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ እይታቸው ብዙ ላልቀነሰ ሰዎች ከውዶቹ እኩል ሠርቷል። በጣም ለደከመ ዐይን ግን በመጀመሪያው ዓመት ከውዶቹ አንዱ፣ አፍሊበርሴፕት፣ በልጧል።

ታማሚ ከቢቸና፦ እኔ የተወጋሁት ስቴሮይድ ነው። ብግነቱን ያበርዳል አሉኝ፤ እውነትም ለወራት አሻለኝ። በኋላ የዐይኔ ግፊት ጨመረ። ይኸው እስከ ዛሬ ጠብታ ላይ ነኝ። ስቴሮይዱ የዐይን ሞራም ያፋጥናል። ተወግቶ መጥፋት ለዚህም አይሆንም፤ ግፊቱን የሚለካ ያስፈልጋል።

መምህር ከደብረ ማርቆስ፦ ልጆቼ፣ የምታወሩት ስለ ሁለት ጉዳት ነው። ነርሷ ያለችው የመሐሉ እብጠት ነው። ሌላው ደግሞ አዲስ ደም ሥር በቅሎ ዐይን ውስጥ የሚደማው ነው። ለዚህኛው ሌዘር ከ1970ዎቹ ጀምሮ ብዙ ዐይን አድኗል። ነርሷ ያለችው መርፌም አያንስም፣ ቀጠሮ እስካልተቋረጠ ድረስ። ቀጠሮ ካቋረጡት መካከል ግን መርፌ ብቻ የወሰዱት ሌዘር ከተሠራላቸው ይልቅ ዐይናቸው የባሰ ተጎድቶ ተገኝቷል። የሞጣው ልጅ እዚህ ላይ እውነት አለው። ሐኪም መድኃኒት ሲመርጥ ሰውየው ተመልሶ መምጣት መቻሉን መጠየቅ አለበት።

ነርሷ ከቡሬ፦ ይህን እቀበላለሁ መምህር። እኛም "ለምን ቀረህ?" እንቆጣለን እንጂ አጨዳው መቼ እንደሆነ ጠይቀን ቀጠሮ አንሰጥም።

የሞጣው ልጅ፦ አመሰግናለሁ እህቴ። ሰኞ ይዤው እሄዳለሁ። መጀመሪያ የምጠይቀው እብጠት ነው ወይስ አዲስ ሥር ብዬ ነው።