‹አማር አክባር አንቶኒ› የማን ፊልም ነው?

አወያይ፦ የዚህ ሳምንት ክርክር የመጣው ከቤታችን ነው። ቅዳሜ ማታ ‹አማር አክባር አንቶኒ›ን እንደገና አየንና ታናሽ ወንድሜ «ይህ የአሚታብ ባቻን ፊልም ነው፤ ሁለቱ አጃቢ ናቸው» አለ። እኔም «ርዕሱን አንብብ፣ ሦስት ስም ነው የተጻፈው» አልኩት። እራቱ ቀዘቀዘ። እናንተ ፍረዱን።

ላላየው ሰው ታሪኩን ላሳጥረው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣ የሕንድ ፊልም ነው፤ ዳይሬክተሩ ማንሞሃን ዴሳይ። ኪሻንላል የሚባል ሹፌር የአለቃውን የሮበርትን ወንጀል በራሱ ላይ ወስዶ ይታሰራል። ሲፈታ ሚስቱ በሳንባ ነቀርሳ ተይዛ፣ ልጆቹ ተርበው ያገኛቸዋል። ከሮበርት ጋር ተጣልቶ ሲያመልጥ ሦስቱን ልጆች መናፈሻ ውስጥ፣ በጋንዲ ሐውልት ሥር ትቷቸው ይሄዳል። ቀኑ የሕንድ የነጻነት በዓል ነው። አንዱን ፖሊስ፣ አንዱን ሙስሊም ልብስ ሰፊ፣ አንዱን የካቶሊክ ቄስ ያሳድጉታል። እናትየዋ ዛፍ ወድቆባት ዐይኗ ይጠፋል። ከ22 ዓመት በኋላ አማር (ቪኖድ ካና) የፖሊስ መኮንን፣ አክባር (ሪሺ ካፑር) የቃዋሊ፣ ማለትም የሱፊዎች ዜማ፣ ዘፋኝ፣ አንቶኒ (አሚታብ) ደግሞ የሕገ ወጥ መጠጥ ቤት ባለቤት ሆነው እናገኛቸዋለን። ወንድማማች መሆናቸውን አያውቁም።

ጥያቄው ይኸው ነው፤ ፊልሙ የአንድ ኮከብ ነው ወይስ የሦስት ወንድማማቾች?

የጉለሌው፦ ወንድምህ ትክክል ነው፤ እራቱን አሙቅለት። አንቶኒ ሰክሮ፣ ፊቱ ቆስሎ መስታወት ፊት የሚቆምበትን ትዕይንት አስታውስ። መስታወቱ ውስጥ ያለውን ሰው ይመክረዋል፣ ይቆጣዋል፣ ከዚያ ቁስሉን ሊያክም ብሎ ፕላስተሩን መስታወቱ ላይ ይለጥፋል። ያለ ዘፈን፣ ያለ ድብድብ፣ ያለ ሁለተኛ ተዋናይ አዳራሹን ሙሉ የሚያስቅ ሰው ስንት አለ? በዚያው በፋሲካ ግብዣ ላይ ከትልቅ እንቁላል ውስጥ ረጅም ባርኔጣ አድርጎ የሚወጣውስ ማን ነው? የዚያን ዓመት የፊልምፌር፣ የሕንዶቹ ትልቅ የፊልም ሽልማት፣ የምርጥ ተዋናይነት ሽልማት የተሰጠው ለእርሱ ነው። ለአማርና ለአክባር አልተሰጠም። ክርክሩ አለቀ።

መምህር፦ ልጄ፣ ክርክር እንዲህ በቶሎ አያልቅም። እኔ ይህን ፊልም ያየሁት በሲኒማ ቤት፣ የእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅህ። በዚያ ዘመን አሚታብን በቡጢ አሸንፎ እስር ቤት የሚያስገባ ሰው አይተህ ታውቃለህ? እዚህ ፊልም ውስጥ አለ። አማር ነው። መንገድ ላይ ተደባድበው አንቶኒ ይሸነፋል። በየፊልሙ አሥር ሰው በአንድ ጊዜ የሚጥለው ሰው በአንድ ፖሊስ ተሸነፈ! አዳራሹ ለአፍታ ዝም አለ፤ ከዚያ ግማሹ ለቪኖድ ካና አጨበጨበ። ከአጨብጫቢዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ።

ደግሞም ቪኖድ ካና በ1982 ሥራውን ትቶ የመንፈሳዊ መምህሩን የራጅኒሽን ተከታዮች ለመቀላቀል ወደ አሜሪካ፣ ኦሪገን ባይሄድ ኖሮ አሚታብ ለብቻው ዙፋን ላይ መቀመጡን እጠራጠራለሁ። በ1987 ሲመለስ ገበያው ተበልቶ ነበር።

የጉለሌው፦ መምህር፣ በአክብሮት እከራከርዎታለሁ። «ባይሄድ ኖሮ» እያልን ከተነጋገርን እኔም ኳስ ባልተው ኖሮ የት እደርስ ነበር። ሄደ፤ አለቀ። ቡጢውንም ቢሆን የሰጠው አሚታብ ስለተቀበለው ነው። ትልቅ ኮከብ መሸነፍን አይፈራም። በ1975 በወጣው ‹ሾሌይ› መጨረሻ ላይ ሲሞት ሰፈራችን ውስጥ «አክተር አይሞትም» የሚለው ሕጋችን ፈርሶ ሁለት ቀን ተጨቃጭቀናል። «እንግዲህ አክተሩ አብሮት የሠራው ዳርሜንድራ ነበር ማለት ነው» ያለውን ልጅ እስከዛሬ ይቅር አላልነውም።

ከሻርጃ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አብራኝ የምትሠራ የሃይደራባድ ሴት አለች፤ ጥያቄያችሁን በምሳ ሰዓት ነገርኳት። ሳቀችና «ሦስቱን ሲዘፍኑ ስሚያቸው፣ መልሱ እዚያ ነው» አለችኝ። ሄጄ ሰማሁት። ሦስቱ ከነፍቅረኞቻቸው የሚዘፍኑት አንድ የፍቅር ዘፈን አለ። ኪሾር ኩማር ለአሚታብ፣ ሞሃመድ ራፊ ለሪሺ፣ ሙኬሽ ለቪኖድ ይዘፍናሉ፤ ለሴቶቹ ሁሉ ደግሞ ላታ ማንጌሽካር አለች። በዚያ ዘመን አራቱም የየራሳቸው ንጉሥ ነበሩ፤ አንድ ዘፈን ላይ ተሰበሰቡ። ሙኬሽ ፊልሙ ሳይወጣ በ1976 አርፏል። የሙዚቃ ደራሲዎቹ ላክስሚካንትና ፒያሬላል አንዱን ሊያገንኑ ቢፈልጉ ኖሮ አንድ ድምፅ ይበቃቸው ነበር። እኔ ድምፄን ለሦስቱም ሰጥቻለሁ።

ደግሞ አክባርን አንድ ሰው እንኳን ሳያነሳው መቅረቱ አሳዝኖኛል። ሪሺ ካፑር በፍቅረኛው አባት ላይ እያሾፈ የሚዘፍነው ብቻውን አንድ ፊልም ይሆናል።

የፊልም ተማሪው፦ ሁላችሁም ስለ ኮከብ ታወራላችሁ። እኔ ግን እኩልነቱ ራሱ ያጠራጥረኛል። ሦስቱ ወንድማማቾች እኩል ናቸው? ተመልከቱ። ታላቁ ሂንዱ ነው፣ ሕግና መሣሪያ የያዘውም እርሱ ነው። ክርስቲያኑ መጠጥ ሻጭ፣ ሙስሊሙ አዝማሪ። የእናታቸው ስም ብሃራቲ ነው፤ ብሃራት ሕንዶች አገራቸውን የሚጠሩበት ስም ነው፤ ማለትም እናት አገር ሂንዱ ናት ማለት ነው። ሦስቱም ሲወለዱ ሂንዱ ናቸው፤ ሌሎቹ እስልምናና ክርስትና የደረሳቸው በመጥፋታቸው ነው። ከዚያም አማር ሂንዱ ሴት፣ አክባር ሙስሊም፣ አንቶኒ ክርስቲያን ያገባሉ። አንድ ሰው እንኳን አጥሩን አይዘልም። በሕንድም ይህን ነጥብ አንስተው የጻፉ አሉ። አንድነት ተሰበከ የምትሉት ከላይ ሲታይ ነው፤ ከሥር ግን ማን ታላቅ፣ ማን ታናሽ እንደሆነ በግልጽ ተቀምጧል።

የደሴዋ፦ እኔ ልመልስ፣ ምክንያቱም ይህ ወሬ እኛ ቤት ውስጥ የሚኖር ነው። አባቴ ሙስሊም፣ አጎቴ ክርስቲያን ናቸው፤ የአንድ እናት ልጆች። በወሎ ይህ ታሪክ ሆኖ የሚወራ አይደለም፤ በዓል ሲደርስ ማን ምን እንደሚያርድ የሚነሳ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ፊልሙን መጀመሪያ ሳየው ያስገረመኝ ሌላ ነገር ነበር፤ ወንድማማቾች የተለያየ እምነት እንዲኖራቸው መጥፋት ለምን አስፈለገ? ደራሲዎቹ አብረው ያደጉ፣ እየተያዩ የተለያዩ ወንድማማቾችን ማሰብ ያቃታቸው መሰለኝ። በዚህ ከተማሪው ጋር እስማማለሁ።

ነገር ግን መጨረሻውን አትርሳ፣ ወንድሜ። ወላጆቻቸው ማን እንደሆኑ ሲታወቅ፣ ደማቸው ሂንዱ እንደሆነ ሲረጋገጥ፣ አክባር ስሙን ቀየረ? አንቶኒ መስቀሉን አወለቀ? አልሆነም። እናታቸውም «ወደ ቤታችሁ ተመለሱ» አላለቻቸውም። አክባር አክባር ሆኖ፣ አንቶኒ አንቶኒ ሆኖ ልጇ ነው። እኔ ያየኋቸው ብዙ የጠፋ ልጅ ታሪኮች የሚያልቁት ልጁ የድሮ ስሙን መልሶ ሲያገኝ ነው። ይህኛው አያልቅም እንዲህ። ይህን ቀላል አድርገህ አትየው።

የፊልም ተማሪው፦ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ስለ ስሞቹ ያልሽውን እቀበላለሁ። ስለ ጋብቻው ግን መልስ አልሰጠሽኝም።

የደሴዋ፦ የለኝም። እኛም ቤት ጋብቻ ሲነሳ ነው ድምፅ ከፍ የሚለው።

መምህር፦ አንድ ነገር ልጨምር። ተማሪው ሕጉ በአማር እጅ ነው ብሏል። እውነት ነው። ግን ሕዝቡ ማንን ወደደ? የጉለሌው ልጅ ሲከራከር የሰማችሁትን አስተውሉ፤ የሚወደው ያንን መጠጥ ሻጭ ክርስቲያን ነው። ከገቢው ግማሹን ለጌታ እየሰጠ «ሸሪኬ» የሚለውን። ዴሳይ ሥልጣኑን ለታላቁ ሰጥቶ ፍቅሩን ለመካከለኛው አደረገው። ይህን የተማሪው ሚዛን አይመዝነውም።

የጉለሌው፦ መምህር፣ ይህን ያህል ከተስማሙልኝ ፊልሙ የአሚታብ መሆኑን ለምን አይቀበሉም?

መምህር፦ አንቶኒን ወደድኩ አልኩ እንጂ ወንድሞቹን ጣልኩ አልኩ?

ነርሷ፦ ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው የገባሁት፤ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ሁላችሁም የፊልሙን ዋና ትዕይንት ዘላችሁታል። ዕውሯ እናት በመኪና ተገጭታ ሆስፒታል ትገባለች፤ ደም ያስፈልጋታል፤ ሦስት የማይተዋወቁ ወጣቶች ጎን ለጎን ተኝተው ይለግሳሉ። ከየአልጋው በስተጀርባ ባለው መስኮት ቤተ መቅደስ፣ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ይታያሉ። የሦስቱ ደም በቱቦ ወጥቶ ላይ በተሰቀለ ጠርሙስ ይገናኝና ወደ እናትየዋ ይወርዳል። የፊልሙ ርዕስ የሚጻፈው ያኔ ነው፤ ፊልሙ ከተጀመረ ከሃያ ደቂቃ በላይ አልፎ! እንግዲህ የአወያዩ ጥያቄ እዚያ ተመልሷል፤ ርዕሱ የተጻፈው በአሚታብ ፊት ላይ አይደለም፤ በሦስቱ ደም ላይ ነው።

አሁን ሙያዬን ልናገር፣ ካልተናገርኩ ያመኛል። ደም ሽቅብ አይፈስም። ጠርሙሱ ከለጋሹ ክንድ በላይ ከተሰቀለ ምን ጎትቶ ያወጣዋል? የደም ዓይነታቸውንስ ማን መረመረ? ልጅ ስለሆነ ለእናቱ ይስማማል ማለት አይደለም፤ እናት ኦ ሆና ልጇ ኤ ከሆነ ደሙ ሊገድላት ይችላል። የቅርብ ዘመድ ደም እንዲያውም ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሦስት ሰው ደም መቀላቀሉንማ አልናገርም።

የጉለሌው፦ እቴ፣ እንዲህ ያለው የሕንድ ፊልም ማሳላ ይባላል፤ ማሳላ እኮ የቅመም ቅልቅል ማለት ነው። ደሙም ተቀላቀለ።

ነርሷ፦ ሳቅ፣ ሳቅ። ግን ቀጥሎ ያለውን ስማ። ይህ ፊልም ከወጣ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1982፣ አሚታብ በዚያው በዴሳይ ሌላ ፊልም፣ በ‹ኩሊ› ቀረጻ ላይ የድብድብ ትዕይንት ሲሠራ ሆዱ ውስጥ ክፉኛ ተጎዳ። ለሞት ደርሶ ነበር። ሕዝቡ ደም ለመስጠት ተሰለፈ። እርሱ ራሱ በአደባባይ እንደተናገረው ከ200 ያህል ሰዎች የተሰበሰበ 60 ጠርሙስ ደም ተሰጠው። ከለጋሾቹ አንዱ ሄፓታይተስ ቢ ነበረበት፤ ያም ቫይረስ ከጉበቱ ሦስት አራተኛውን አጠፋበት። ይህን ያወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የዓለም ጤና ድርጅት በደቡብ ምሥራቅ እስያ የሄፓታይተስ የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ያደረገው ለዚህ ነው።

በፊልሙ የማያውቃት ሴት ደሙን ወስዳ ዳነች። በሕይወቱ ደግሞ እርሱ የማያውቃቸውን ሰዎች ደም ወስዶ ዳነ፤ ከመዳኑ ጋር በሽታውንም ተቀበለ። ስለ እምነትና ስለ ወንድማማችነት ስትከራከሩ እኔ ይህን ነው የማስበው። ከእነዚያ 200 ሰዎች ማን ሂንዱ፣ ማን ሙስሊም፣ ማን ክርስቲያን እንደነበረ የጠየቀ አልነበረም። መጠየቅ የነበረበትን ግን፣ ምርመራውን፣ ማንም አልጠየቀም።

ከሻርጃ፦ ይህን ለጓደኛዬ ስነግራት እንባዋ መጣ። በዚያን ጊዜ እናቷ ለአሚታብ ብላ ጾማ እንደነበር ነገረችኝ።

የጉለሌው፦ ‹ኩሊ›ን ካነሳን ዘንዳ እኔም አለኝ። በመጀመሪያው ጽሑፍ ጀግናው ይሞት ነበር። አሚታብ ከሞት ሲተርፍ ዴሳይ መጨረሻውን ቀይሮ አዳነው። ፊልሙም አደጋው በደረሰበት ትዕይንት ላይ ይቆማል፤ ጽሑፍም ይወጣል። «አክተር አይሞትም» የምንለው እኛ ብቻ አይደለንም እንግዲህ።

የፊልም ተማሪው፦ እንዲህ ከሆነ ግን የአወያዩ ወንድም ክርክር አሸነፈ። ሕዝቡ ደም ለመስጠት የተሰለፈው ለአሚታብ ነው።

መምህር፦ ቪኖድ ካናም ቢጎዳ እኔ እሰለፍ ነበር።

አወያይ፦ ወንድሜ ከጎኔ ተቀምጦ ያነባል፤ «አሸነፍኩ» ይላል። እኔ አልተቀበልኩም። ከመዝጋቴ በፊት ግን ነርሷን አንድ ነገር ልጠይቅ። ፊልሙን እንደገና የምታዘጋጂው አንቺ ብትሆኚ ያንን የደም ትዕይንት ትቆርጪዋለሽ?

ነርሷ፦ በፍጹም አልቆርጠውም። ባየሁት ቁጥር አለቅሳለሁ። ነገር ግን ጠርሙሱ ከለጋሾቹ በታች፣ ከታማሚዋ በላይ መሆን አለበት። ስለዚህ ሦስቱን ወንድማማቾች ቁም ሳጥን ላይ አስተኛቸዋለሁ።