የቲማቲሜ አናት ዥንጉርጉር ሆነ፤ የታመመውን ብቻ ብቆርጠው ይተርፋል?

ቅጠልዬ (ጠያቂ)፦
ወገን፣ የምታውቁ እስቲ እርዱኝ። ቲማቲሞቼ እስካለፈው ሳምንት ደህና ነበሩ። አሁን የአንዱ አናት ላይ ያሉት ለጋ ቅጠሎች ፈዛዛና ደማቅ አረንጓዴ ተቀላቅሎባቸው ዥንጉርጉር ሆኑ፣ ተሸብሽበዋልም። በመመርመሪያ ስትሪፕ ሳየው የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ ቤተሰብ ነው አለኝ። ግራ የገባኝ ግን ሌላ ነው። ከአሥር ቀን በፊት በመቀስ የቆረጥኩት ከታች ነው፣ የታች ቅጠሎች ደግሞ ምንም አልሆኑም! በቁስሉ ከገባ እንዴት ከላይ ይጀምራል? አናቱን ብቀነጥበውስ? የሚረጭ መድኃኒት አለው?

ችግኝ በእጄ፦
ወንድሜ፣ በአጭሩ አይተርፍም። የሚረጭ ፈዋሽም የለውም። ከነሥሩ ንቀለውና አስወግደው፣ ሌሎቹን በዚያው እጅህ እንዳትነካ።

ቅጠልዬ፦
እህት ነኝ 😄 እሺ እነቅላለሁ፣ ግን ምክንያቱ ሳይገባኝ መንቀል ጨነቀኝ።

የላብ ሰው፦
እሺ እህቴ፣ ከበሩ እንጀምር። የሰውን ሴል የሚያጠቃ ቫይረስ ሴሉ ላይ የሚይዘው ነገር ፈልጎ ተጣብቆ ይገባል። የዕፅዋት ሴል ግን ዙሪያውን በግድግዳ የታጠረ ነው፣ ስለዚህ ቫይረሱ ሌላ ሰው በር እስኪከፍትለት ይጠብቃል። አንቺ በመቀስ ከፈትሽለት። ትልቅ ቁስል እንኳ አይፈልግም፣ ቅጠሉ ላይ ካሉት ትንንሽ ፀጉሮች አንዷ ብትሰበር ይበቃዋል።

ውስጥ ሲደርስ የፕሮቲን ልብሱን ያወልቃል። የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ 300 ናኖሜትር የምትረዝም ዘንግ ነው፤ 6400 ያህል ፊደል ያላት አንዲት የአር ኤን ኤ ክር (የዘር መረጃው የተጻፈባት) በ2130 ገደማ አንድ ዓይነት ፕሮቲኖች ተጠቅልላ። የተክሉ ራይቦዞም (ትእዛዝ እያነበበ ፕሮቲን የሚሠራው የሴሉ ማሽን) ክሯን ሲያገኛት የራሱ ሴል ትእዛዝ ይመስለዋል፣ ቁጭ ብሎ ያነባታል። መጀመሪያ የሚሠራላት ገልባጭ ኢንዛይም ነው። ገልባጩ ሴሉ ውስጥ ያሉ ሽፋኖች ላይ ተጠግቶ የክሯን ተቃራኒ ያወጣል፣ ከዚያ በተቃራኒው ላይ ትክክለኛ ቅጂዎችን ያከታትላል። ማኅተም በይው፦ ማኅተሙ ላይ ጽሑፉ ተገልብጦ ይቀረጻል፣ ወረቀቱ ላይ ግን ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ አንዴ ከተቀረጸ ደግሞ የፈለግሽውን ያህል ታትሚያለሽ። ችግሩ ገልባጩ ስህተቱን አያርምም፣ ለዚህ ነው ቫይረሱ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጠው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። የዕፅዋት ሴሎች ፕላስሞዴስማታ በሚባሉ በጣም ጠባብ መተላለፊያዎች ይገናኛሉ። የቫይረሷ ክር በዚያ አታልፍም። ስለዚህ ተንቀሳቃሽ ፕሮቲን የሚባል ታሠራለች፣ እሱ መተላለፊያውን ያሰፋና ክሯን ይዞ ወደ ጎረቤት ሴል ይሻገራል፣ ያለ ልብሷ ማለት ነው። (ሌሎች ቫይረሶች፣ ለምሳሌ የላም አተር ሞዛይክ፣ በመተላለፊያው ውስጥ ቱቦ ሠርተው ከነልብሳቸው ያልፋሉ። እኔ በግሌ ይሄኛው ያስገርመኛል።) ይህ የሴል ለሴል ጉዞ ቀስ ያለ ነው። ስኳር የሚያመላልሰው ፍሎየም ላይ ሲደርስ ግን መኪና እንደተሳፈረ ቁጠሪው። ስኳር ደግሞ ከበሰለ ቅጠል ተነሥቶ ወደ ሥር፣ ወደ ፍሬና ወደ ለጋ ቅጠል ነው የሚሄደው። የታች ቅጠሎችሽ ስኳር ይልካሉ እንጂ አይቀበሉም፣ ስለዚህ ቫይረሱም ወደነሱ አይጫንም። ቢገባም ያደገ ቅጠል እምብዛም ዥንጉርጉር አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ1934 ሳሙኤል የተባለ ተመራማሪ ይህንኑ በቲማቲም ላይ ሞክሮታል። አንዲት ቅጠል ብቻ ከበከለ በኋላ ተክሎቹን በየቀኑ እየቆራረጠ ቫይረሱ የት እንደደረሰ ፈለገ። ጥቂት ቀናት እዚያው ቅጠል ላይ ቆየ፣ ከዚያ መጀመሪያ ሥር፣ ቀጥሎ አናት፣ መሃል ያሉት ቅጠሎች መጨረሻ። ስለዚህ አናቱ ሲዥጎረጎር ሥሩ ቀድሞ ተይዟል፤ ቀንጥበሽ የምታመልጪው ነገር የለም።

ጀማሪ ተማሪ፦
ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። ተክሉ ግን ዝም ብሎ ነው የሚያየው?

የላብ ሰው፦
ኧረ አይደለም። ቫይረሱ ሲባዛ ባለ ድርብ ክር አር ኤን ኤ ይፈጠራል። ተክሉ ያንን ሲያይ ከ21 እስከ 24 ፊደል ባላቸው ቁርጥራጮች ይከታትፈዋል፣ በቁርጥራጮቹም የቀረውን እያደነ ያጠፋል። ቫይረሶቹም ዝም አላሉም፣ ይህን የሚያፍን ፕሮቲን አላቸው። ዥንጉርጉሩ ላይ የሚታዩት ደማቅ አረንጓዴ ደሴቶች ቫይረሱ በጣም ያነሰባቸው ወይም የሌለባቸው ቦታዎች ናቸው።

ቅጠልዬ፦
እንግዲያው ከአናቱ ቁራጭ ወስጄ እንደ አዲስ ባበቅለውስ? ጫፉ ንጹሕ ነው ሲባል ሰምቻለሁ።

ችግኝ በእጄ፦
እሱ የተባለው ስለ ሜሪስተም ነው፣ ከሚሊሜትር በታች የሆነች ጫፍ። ብዙ ቫይረሶች እዚያ አይደርሱም። እ.ኤ.አ. በ1952 ፈረንሳዮቹ ሞሬልና ማርቲን ከታመመ ዳሊያ ንጹሕ ተክል ያገኙት በዚህ መንገድ ነው፣ ግን በላብራቶሪ ውስጥ። አንቺ በመቀስ የምትቆርጪው ቁራጭ በቫይረስ የተሞላ ነው። እባክሽ ተይው።

መቀስ ያዥ፦
ስለ መቀሱ ማንም አልተናገረምና ልጨምር። አልኮል ለዚህ ቫይረስ ብዙም አይረባም፣ እኔ ለአንድ ወቅት ሙሉ በአልኮል ስጠርግ ቆይቼ ነው የገባኝ። መቀሱን በረኪና ውስጥ ንከሪው፣ ወይም ቅባት የወጣለት የዱቄት ወተት በውሃ በጥብጠሽ ከእያንዳንዱ ተክል በኋላ ንከሪው፤ የወተቱ ፕሮቲን ቫይረሱ እንዳይበክል ያደርጋል። እጅሽን በሳሙና ደጋግመሽ ታጠቢ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ካለ ሳይታጠብ አይንካ። ለክሽክሽ ብለሽ መድኃኒት አትርጪ፣ ይህ ቫይረስ በዋናነት በንክኪ ነው የሚዛመተው። ዘሩንም አታስቀሪ፣ ልባሱ ላይ ተጣብቆ ይቆያል። በሚቀጥለው ጊዜ ቲ ኤም 2 ካሬ የሚባል ጂን ያለው ዘር ፈልጊ። ጂኑ ያንን ተንቀሳቃሽ ፕሮቲን ለይቶ ያውቀዋል። ቡናማ ሻካራ የፍሬ ቫይረስ የሚባለው አዲሱ ዘመድ ግን ጥሶት ያልፋል፣ ስለዚህ ፍሬዎቹንም እያየሽ።

ቅጠልዬ፦
ነቀልኩት 😭 አጠገቡ የነበሩት ሁለቱ ደህና ይመስላሉ። ልንቀላቸው?

የላብ ሰው፦
በዚያው መቀስ ቆርጠሻቸዋል? ከሆነ ከሌሎቹ አርቀሽ ሁለት ሦስት ሳምንት አናታቸውን ተመልከቺ። የታች ቅጠል አይተሽ እንዳትጽናኚ።

ቅጠልዬ፦
አንዱን ቆርጬዋለሁ። አሁኑኑ ላርቀው።