ውስኪ ሳወር በማንጎና በሎሚ፦ ቤት ውስጥ እንዴት ልሥራው?

ጣና ዳር
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ማታ ታላቅ እህቴና ባለቤቷ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። ሐይቁ ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ ውስኪ ሳወር፣ ማለትም ውስኪ በሎሚና በስኳር የሚናጥበትን መጠጥ፣ ጠጥቼ በጣም ወድጄዋለሁ፤ ለእነሱም ቤት ሠርቼ ላቀርብላቸው ነው ሐሳቤ። አንድ ጠርሙስ ቡርበን፣ የአሜሪካ ውስኪ፣ አለኝ። ሎሚና ማንጎ እንደምታውቁት እኛ ጋ አይጠፋም። ግን ኢንተርኔት ላይ የማየው አሠራር ሁሉ ትልቁን ቢጫ ሎሚ ነው የሚለው። የእኛዋ ትንሿ ሎሚ ትሆናለች? ማንጎውንስ ጁስ አድርጌ ልጨምረው? ሼከር (መጠጥ መናጫ) የለኝም፣ በሚሊ የሚለካ ነገርም የለኝም። እህቴ ደግሞ ጥሬ እንቁላል ያለበት ነገር አትነካም። የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።

ባርማኑ
እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። እዚሁ ባሕር ዳር ባር ውስጥ ነው የምሠራው፤ ከምሠራቸው ሁሉ የምወደው ደግሞ ሳወር ነው።

ማንጎውን ጁስ አታድርጊው። ይሄን አጥብቄ ነው የምልሽ። ማንጎ ጁስ ወፍራም ነው፤ ውስኪውን ይሸፍነዋል። ያን ጊዜ እንግዶችሽ የሚጠጡት ውስኪ የነካው ጁስ ነው። ማንጎ በስኳሩ በኩል ይግባ። አንድ የበሰለ ማንጎ፣ ሽታው ከሩቅ የሚጣራውን፣ ልጠሽ ክተፊው። ክብደቱን ያህል ስኳር አልብሺውና ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪው። ስኳሩ የፍሬውን ውሃ ስቦ ያወጣዋል። ጠዋት ከሥር ወርቅ የመሰለ ሽሮፕ ተጠራቅሞ ታገኛለሽ። ያልሟሟ ስኳር ካለ አማስዪው፤ ከዚያ በሻይ ማጥለያ አጥልዪው። ፍሬውን በማንኪያ እየተጫንሽ አትጭመቂው፣ ይደፈርሳል። እሳትም አታሳዪው። ማንጎ ከፈላ ያ ትኩስ ሽታው ይሄድና የማርማላታ ሽታ ይመጣል። የተረፈው ፍሬ ከእርጎ ጋር ግሩም ቁርስ ነው።

የእኛ ሎሚ በደንብ ትሆናለች። የጭማቂዋ ኮምጣጣነት ከቢጫው ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ ልጣጯ ላይ ነው፤ መራራ ዘይት አለው። ስለዚህ ጨምቀሽ ጨምቀሽ ልጣጯን አታድቅቂው። መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ በመዳፍሽ ተጭነሽ አንከባልያት፣ ከዚያ በቀላሉ ውሃዋን ትሰጥሻለች። የምትጨምቂው ደግሞ እንግዶቹ በር ላይ ሲደርሱ ነው። ያደረ የሎሚ ጭማቂ መዓዛ የለውም።

የዓለም አቀፉ የባርማኖች ማኅበር ልኬት 45 ሚሊ ቡርበን፣ 25 ሚሊ የሎሚ ጭማቂ፣ 20 ሚሊ የስኳር ሽሮፕ ነው። እንቁላል ነጩ፣ እሱም 20 ሚሊ፣ ለወደደ ነው እንጂ ግዴታ አይደለም። አንቺ በስኳሩ ሽሮፕ ፈንታ የማንጎውን ታስገቢያለሽ። መጀመሪያ አንድ ብቻ ሠርተሽ ቅመሺ፤ ኮምጠጥ ካለብሽ ሽሮፑን 5 ሚሊ ጨምሪ። ለመለኪያ ከፋርማሲ የ20 ሚሊ ሲሪንጅ ግዢ። የአረቄ መለኪያ አትመኚ፣ እንደ ቤቱ ይለያያል።

ለሼከር ክዳኑ ጥርቅም ብሎ የሚዘጋ የማርማላታ ብርጭቆ ይበቃል። የለካሽውን ሁሉ አስገቢበት፣ በረዶ ሙዪውና ቅዝቃዜው እጅሽን እስኪያቃጥለው ድረስ፣ 15 ሰከንድ ገደማ፣ በኃይል ናጪው። በረዶው ሲሟሟ የሚገባው ውሃ የመጠጡ አካል ነው፤ ያለ እሱ አልኮሉ ጉሮሮ ይቧጥጣል። ከዚያ በማጥለያ አሳልፈሽ ቅጂ። ላዩ ላይ የብርቱካን ልጣጭ በጣትሽ እጠፊበት። ወደ ብርሃን ይዘሽ ብታዪ ዘይቱ እንደ ጉም ብን ሲል ይታይሻል። የፍራፍሬው ሽታ አፍንጫ ላይ የሚቀድመው ከዚያ ነው።

በረዶውን ቀደም ብለሽ አዘጋጂ። መብራት ቅዳሜ ማታ ብን ሊል ይችላል። በትልቅ የፕላስቲክ ዕቃ አቀዝቅዢ፤ ትልቅ በረዶ ቶሎ አይሟሟም። መብራት ከሄደ ሰባብረሽ ቴርሞስ ውስጥ ክተቺው፣ ለማታው ያደርስሻል።

የሽምብራ ቤት
ስለ እንቁላሉ እኔ ልግባበት። አረፋውን ከፈለግሽው የሽምብራ ውሃ ተጠቀሚ። ሽምብራውን አሳድረሽ ያለ ጨው ቀቅዪ፤ እስኪለሰልስ ድረስ። ሽምብራውን አውጪና ውሃውን ብቻውን አፍልተሽ አወፍሪው፣ በጣትሽ መሐል ሙልጭልጭ እስኪል። ይቀዝቅዝ። ለአንድ ብርጭቆ 20 ሚሊ በቂ ነው። መጀመሪያ ያለ በረዶ ናጪ፣ ቀጥሎ በረዶ ጨምረሽ ድገሚው። ነጭ፣ ጥቅጥቅ ያለ አረፋ ይወጣዋል። የሽምብራ ሽታው ሎሚው ውስጥ ይጠፋል። እኔ ለጾም ኬክም የምጠቀመው ይሄንኑ ነው። ቀኑ ጾም ቢውል እንኳ እንቁላል አያሳስብሽም።

ዘጌ በር
ባርማኑ፣ አንድ ጥያቄ። እኔ ከሳወር ይልቅ ኦልድ ፋሽንድ፣ ውስኪ በስኳርና በመራራ ጠብታ፣ ነው የምወደው፤ ግን አንጎስቱራ የምትባለዋን መራራ ጠብታ የማገኛት ሰው ከውጭ ሲያመጣልኝ ብቻ ነው። እኛ ሰፈር ጌሾ ሞልቷል። የደረቀ የጌሾ ቅጠል አረቄ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ በብርቱካን ልጣጭ አጅቤ ባጠልለው ምን ይመስልሃል?

ባርማኑ
ወንድሜ፣ ሐሳብህን ወድጄዋለሁ። አንጎስቱራም እኮ አልኮል ውስጥ የተነከረ መራራ ሥርና ቅመም ነው። ጌሾው ግን ኃይለኛ ስለሆነ ትንሽ ቅጠል ይበቃሃል። በየቀኑ ቅመሰው፤ መራራነቱ ምላስህ ላይ መቆየት ሲጀምር አጥልለው። ትንሽ ቀረፋና ቅርንፉድ አብረህ ብትነክር ወደ አንጎስቱራ ይቀርብልሃል። ከዚያ 45 ሚሊ ቡርበን፣ አንድ እንክብል ስኳር፣ ሁለት ሦስት ጠብታ ከጌሾው፣ ጥቂት ውሃ። ኦልድ ፋሽንድ አይናጥም፤ በማንኪያ ቀስ ብለህ አማስለው። ብርቱካኑንም ውስጡ አትጨፍልቅ፣ ልጣጩ ይበቃል።

ጣና ዳር
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም! ሽምብራውን ዛሬ ማታ እዘፈዝፋለሁ። ባርማኑ፣ አንድ የቀረኝ፦ የእህቴ ባል መኪና ስለሚነዳ አይጠጣም። ለእሱስ ምን ላድርግለት? አራት ብርጭቆስ ባንድ ጊዜ መናጥ እችላለሁ?

ባርማኑ
ከሁለት በላይ ባንድ ላይ አትናጪ፤ ብርጭቆው ሲሞላ በረዶው መላወሻ ያጣል። ሽሮፑን ከተረፈሽ ፍሪጅ ውስጥ አቆዪው፣ ግን በሳምንት ውስጥ ጨርሺው። ለሚነዳው 25 ሚሊ ሎሚና 30 ሚሊ የማንጎ ሽሮፕ በረዶ ላይ አድርጊና ቀዝቃዛ አምቦ ውሃ ሙዪበት። የብርቱካኑን ልጣጭ ለእሱም አትንፈጊው።