በጨርቅ የሠራሁት አባ ኮዳ በቀጭን እግሩ እንዲቆም ምን ላድርግ?

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከልብስ ሰፊዎች በምሰበስበው ቁርጥራጭ ጨርቅ የእንስሳት ቅርጽ የምሠራ ሴት ነኝ። አሁን የያዝኩት አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ውስጥ ከሰው መሀል የሚመላለሰውን አባ ኮዳ የተባለ ትልቅ ወፍ በራሱ ቁመት ልክ፣ ወደ 1.5 ሜትር አድርጌ ማቆም ነው። ሆዱን በቁርጥራጭ ጠቅጥቄ ከሰፋሁት በኋላ ግን የሽቦ እግሮቹ ክብደቱን መሸከም አቅቷቸው ጎበጡ፤ ከውስጡም የሻጋታ ሽታ ይሸተኛል። እግሩን ካወፈርኩት አባ ኮዳነቱ ይጠፋል።

መልስ (ከአንድ በያጅ)፦
እህቴ፣ ሽቦውን በባለ 10 ሚሊ ሜትር ፌሮ ይተኩት። ፌሮው ሆዱ ሥር እንዳያበቃ፤ ሁለቱም እግሮች ወደ ውስጥ ዘልቀው ጀርባው ላይ በአግድም ብረት ይያያዙ፣ ከታች ደግሞ ከወፍራም ላሜራ ጋር ይበየዱ። መንቁሩ ወደ ፊት ስለሚጎትተው፣ ከብየዳው በፊት አካሉን በአንድ ገመድ አንጠልጥለው ሳያዘነብል የሚረጋበትን ቦታ ይፈልጉ፤ ጣቶቹ ማረፍ ያለባቸው በዚያው ትክክል ከሥሩ ነው።

መልስ (ከአንዲት የጨርቅ ሥራ አስተማሪ)፦
የብረቱ ምክር ትክክል ነው፤ ዋናው ጥፋት ግን ሆዱ ውስጥ ያለው ይመስለኛል። ተጠቅጥቆ የታመቀ የጥጥ ጨርቅ ይከብዳል፣ እርጥበት ይስባል፣ መሀሉም አይናፈስም። ፖላንዳዊቷ ቀራፂ ማግዳሌና አባካኖቪች ከ1976 እስከ 1980 (እ.ኤ.አ.) የሠራቻቸው 80 የሰው ጀርባዎች በሬዚን (ሲደርቅ በሚጠነክር ፈሳሽ ሙጫ) የደረቀ ጆንያ ናቸው፤ ውስጣቸው ባዶ ነው። እርስዎም በፕላስቲክ በሸፈኑት ቅርጽ ላይ ኮላ የጠጣ ጆንያ ደራርበው፣ በደንብ ከደረቀ በኋላ ቅርጹን አውጥተው ጨርቅዎን በላዩ ይስፉ። የዱቄት ሙጫ ግን ነፍሳትንም ሻጋታንም ስለሚጠራ አደራ ይተዉት።

መልስ (ከአንድ ወፍ ተመልካች)፦
እግሩ መሀል ወደ ኋላ የሚታጠፈው ጉልበቱ ሳይሆን ቁርጭምጭሚቱ ነው፤ ጉልበቱ ላባ ውስጥ ተደብቋል። ፌሮውን ሲያጥፉ ይህን ያስቡ። እግሩንም ነጭ ጨርቅ አያልብሱት፤ የእግሩ ቆዳ ጠቆር ያለ ነው፣ ነጭ ያስመሰለው ሙቀት ለመከላከል እግሩ ላይ የሚለቀው ኩስ ነው።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ሆዱን ተረተርኩት፤ መሀል ላይ የነበረው ጂንስ እስካሁን እርጥብ ነው፣ ቀለሙም የደረቱን ነጭ አቡጀዲ አበላሽቶታል። ለካ ከማጠቤ በኋላ ሳይደርቅ ነው የጠቀጠቅኩት። ቁርጥራጩን ፀሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ፤ ነገ ፌሮ ልገዛ እሄዳለሁ።